ያልመጣው ሁለተኛ ጥይት

የልጅ ልጄ ሲቀበር እድራችን ድንኳን አልጣለለትም፤ ጉድጓድም አልቆፈረለትም። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ነፍሰ ገዳይና ፈሪ ነው ያሉት ሳይጠይቁ ነው። ጀግና ነው ብሎ የጻፈው ወረቀትም እውነቱን አልጻፈም። የሆነውን በሙሉ ያወቅሁት ዘንድሮ፣ ከተቀበረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁ። የምኖረው መተማ ውስጥ ከኮኪት ወጣ ብሎ ነው። ባሌ ከደጋ ይዞኝ ወርዶ ይህን መሬት ከመነጠርን አርባ ዓመት አልፏል። እሱ ከሞተ ወዲህ ሰሊጡንና ማሽላውን የማሳርሰው እኔ ነኝ። በጦርነቱ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ አልጽፍም። የልጅ ልጄ በየትኛው ወገን እንደነበረም አልጽፍም። ይህን የምጽፈው ለወገን ብዬ አይደለም።

ስሙ ምስጋናው ነው። እናቱ፣ የእኔ ልጅ፣ በወባ ስትሞት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አባቱ ሱዳን ተሻግሮ በዚያው ቀረ። ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ በሰሊጥ መካከል።

ሰሊጥ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ የሚደርቀው ቆሞ ነው። ነዶዎቹን ጫፍ ለጫፍ አደጋግፈን እንደ ትንሽ ጎጆ እናቆማቸዋለን። ሂላ እንለዋለን። ሂላው በመስመር ስለሚቆም ከሩቅ ለሚያየው ሰው፣ ሰዎች የሰፈሩበት ይመስላል። ምስጋናው መስመሩን የሳተ ሂላ ካየ ያመዋል። እርምጃውን ቆጥሮ ይመጣና «እምዬ፣ ያኛው ሁለት ክንድ ወጣ ብሏል» ይለኛል። «የምናቆመው ሰሊጥ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» እለዋለሁ። ስለካው ግን ልክ ነው።

ይኸው ዓይኑና ሒሳቡ መድፈኛ አደረገው። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው መቶ አለቃ ሆኖ መድፎች ያዝዝ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ በፈቃድ የመጣ ጊዜ ስለ ሥራው ጠየቅሁት።

«የምትመታውን ታየዋለህ?»

«አናየውም፣ እምዬ። እኛ ከተራራ ጀርባ ነን። ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው ያይና በሬዲዮ ቁጥር ይነግረናል። በቁጥሩ እንተኩሳለን።»

«ሰውየው ቢሳሳትስ?»

ሳቀ። «ማመን ነው እንግዲህ።»

«እኔ የቀን ሠራተኛ እንኳ ሳላየው አልቀጥርም» አልኩት።

ሳቁ ቀረ። 

ጥይቱ የወደቀብን ቀን ጥቅምት ውስጥ ነበር። ጦር በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ጀርባ መስፈሩን ሰምተናል። የእሱ ጦር መሆኑን አላወቅሁም። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሸሽተው ወደ ከተማ ገብተው ነበር፤ እኛ ቀረን። ሰሊጥ ጦርነት አይጠብቅም። ፍሬው አፉን ከከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት የወፍ ቀለብ ይሆናል።

ጠዋት ያለ ወቅቱ ደመና መጣ። የደረቀ ሂላ ዝናብ ከመታው ይጠቁራል፤ ገዢም አያየውም። ባሌ የጭነት መኪና በነበረው ጊዜ የተረፈ አረንጓዴ ሸራ ነበረኝ። የኔን ሂላ አለበስኩ። ወሰን የሚጋራን ደረጀ ልጁን ካሳሁንን ላከብኝ። ካሳሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በጥር ሊያገባ ነበር።

«እማማ፣ የተረፈ ሸራ ካለ ስጡን ይላሉ አባቴ።»

ስድስት ሸራ በአህያ ጫንኩለት።

«ዝናቡ ከመጣ እኔስ ከየት ልጠለል?» አለኝ።

«ከሙሽራህ ነጠላ ሥር» አልኩት። እየሳቀ አህያውን ነድቶ ሄደ።

ዝናቡ አልመጣም። ረፋድ ላይ ደመናው ተገለጠ፤ ሸራውን ግን ገና አላነሳነውም። መጀመሪያ የሰማሁት ከተራራው ወዲያ ትልቅ የቆርቆሮ በር የተዘጋ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያ በላያችን የሚያፏጭ ነገር አለፈ። ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸ።

ቀና ስል አፌ አፈር ሞልቶታል። ከደረጀ ማሳ መሐል ሂላዎች የቆሙበት ቦታ ጉድጓድ ሆኗል። በዙሪያው ያለው ሂላ እንዳለ እየነደደ ነው። ሰሊጥ ዘይት ነው፤ እሳት ከያዘው ማንም አያጠፋውም። ሮጥኩ።

ያገኘሁት የመጀመሪያው ሰው ከወሎ የመጣ ሰይድ የሚባል አጫጅ ነው። ነዶ ተደግፎ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። ከወገቡ በታች አልነበረም። ዓይኑ ግን ያየኛል። «ውኃ» አለኝ። ኮዳ ፍለጋ ዞር ብዬ ስመለስ ሞቷል። ከእሱ አለፍ ብሎ ከጎጃም የመጣ ልጅ ወድቋል፤ የራሱ ማጭድ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ደሙ ከመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ይንቆረቆራል። እግሩ ገና ይራገጥ ነበር። ጉልበቱ ላይ ተቀምጬ እስኪያርፍ ድረስ ያዝኩት።

ካሳሁን ከሸራው ሥር ነበር። እሳቱ በላዩ ነው። ደረጀና እኔ እግሩን ይዘን ጎተትነው። የተጣበቀበትን ሸራ ስገልጥ የፊቱ ቆዳ ከሸራው ጋር መጣ። መዳፎቼ የተቃጠሉት ያኔ ነው፤ ዛሬም ጣቶቼ በደንብ አይታጠፉም። ትንሽ ተነፈሰ። አባቱን ሊጠራ ፈልጎ ከአፉ የወጣው ጭስ ነው።

ሽታው የሚቆላ ሰሊጥ ሽታ ነበር። ደስ የሚል ሽታ ነው። ያን ሁሉ ሬሳ እያየሁ ምራቄ መጣ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ሆኗል።

አንድ የመድፍ ጥይት ብቻውን እንደማይመጣ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። አንዱ ይለካል፤ ሌላው ይከተላል። ደረጀ ልጁ ላይ ተኝቶ በሰውነቱ ሸፈነው። እኛ መሬት ላይ ተዘርግተን ሁለተኛውን ጠበቅን። አልመጣም። ነፋሱ ጭሱን ወደ ተራራው ይዞት ሄደ። ቆይቶ ከተራራው ወዲያ አንድ ቀጭን የጠመንጃ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ብቻ። በዚያ ቀን ማን ለጠመንጃ ድምፅ ልብ ይላል? እኔም አላልኩም።

ሦስቱን ሰዎች ቀበርን። በማግስቱ ሁለት ወታደሮች በመኪና የምስጋናውን ሬሳ ይዘው መጡ። ወረቀቱ «በጠላት መድፍ ፍንጣሪ ተመትቶ ተሰዋ» ይላል። ሳጥኑ ይከፈት አልኩ።

«ባያዩት ይሻላል፣ እማማ» አለኝ አንደኛው። «ፍንጣሪ ሰውን ያበላሻል።»

«ፍንጣሪ የበላውን ሰው ትናንት ለቅሜ ቀብሬአለሁ። ክፈተው።»

ከፈቱት። ልጄ ሙሉ ነው። ፊቱ ደህና ነው፤ እጅ እግሩ ደህና ነው። ገልብጬ ሳየው ከግራ ትከሻው ሥር ጀርባው ላይ ትንሿ ጣቴ የምትገባበት አንድ ቀዳዳ አለ። ፍንጣሪ እንዲያ አይበሳም። ያን እጄ ያውቀዋል።

ወታደሮቹ ከመመለሳቸው በፊት ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር። ከተራራው ጀርባ ያሉትን መድፎች ያዝዝ የነበረው ምስጋናው መሆኑ ከዚያ ወጣ። ሬሳውን አብሮኝ ያጠበው ሰውዬም ቀዳዳውን አወራ። በአንድ ቀን ሁለቱ ወሬ ተጋብቶ አንድ ወሬ ወለደ። አጫጆቹን አቃጠለ፤ ከዚያ ሲሸሽ ጀርባውን ተመታ ተባለ።

የእድራችን ዳኛ ደረጀ ነው። ሄጄ ከበሩ ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ እርስዎን አልጠላም» አለኝ። «ካሳሁንን ከእሳት ከእኔ ጋር ያወጡት እርስዎ ነዎት። ግን ለልጄ ገዳይ ድንኳን አልጥልም።»

«ገዳዩ መሆኑን ጠይቀሃል?»

«መድፉ የማን ነበር?»

 «ደንባችን ማን ይቀበራል፣ ማን አይቀበርም ይላል?» አልኩት። «አንተ ነህ በየስብሰባው የምታነበው።»

«ደንቡ ካሳሁንን አያውቀውም» ብሎ በሩን ዘጋ።

ጉድጓዱን የቆፈሩልኝ የኔ አጫጆች ናቸው። ፊት ሆኖ የሚመራቸው ፊታውራሪያቸው ከጎጃም የመጣ ነው፤ አንገቱን ማጭድ የወጋው ልጅ የአጎቱ ልጅ ነበር። እሱን ቆፍርልኝ ማለት አፍሬ ቆሜ ሳለ ዶማውን ራሱ አነሳ። «ጥፋት ካለበት ፈጣሪ ይጠይቀው፣ እማማ» አለኝ። «ጉድጓድ ግን ለሬሳ አይከለከልም።» ቄሱ ፍትሐቱን ፈጥነው አደረሱ። ከጎረቤት የቆመ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለት ዓመት ጠየቅሁ። አንድ ቢሮ ሄጄ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጸሐፊው አነበበና «ተሰዋ ተብሎ በክብር ተጽፎልዎታል፤ ምን ጎደለ?» አለኝ።

«እውነቱ።»

«ማህተም አለው እኮ፣ እማማ።»

«ጀርባውም ላይ ማህተም አለ» አልኩት። ሌላ ባለጉዳይ ጠራ።

እኔ ግን ልጄ አልተኮሰም ብዬ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም። የማላውቀውን አልምልም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶች ከአጠገቤ ፈቀቅ ይላሉ። ፈቀቅ ብለው ይቁሙ። የምፈልገው ሁለት ነገር ማወቅ ነው። ተኩሷል ወይስ አልተኮሰም? ሸሽቷል ወይስ አልሸሸም?

ዘንድሮ አጨዳ ሊጀመር ሲል ሠራተኛ ልቀጥር ሸሕዲ ከተማ ሄድኩ። ከየአውቶቡሱ የወረዱት ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው የሚቆሙበት ቦታ አለ። ሰላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው አየሁ። ስናገረው ቀኝ ጆሮውን ያዞርልኛል፤ ግራው አይሰማም።

«እርሻው የት ነው?» አለኝ።

ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ ከተራራው በስተምዕራብ ያለው ሜዳ ላይ ነው አልኩት።

«እዚያ አልሄድም።»

«ለምን? የኔ ማሳ ቁምጥና አለበት?»

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «እዚያ ሰሊጥ ሲቃጠል ሸቶኛል» አለ።

በዚያ ቀን ከማሳው ላይ ከነበርነው በቀር ያን ሽታ ማንም አያውቀውም። ይህን ሰው ደግሞ ማሳው ላይ አላየሁትም። ነፋሱ ጭሱን ወዴት ይዞት እንደሄደ ትዝ አለኝ። ክንዱን ያዝኩት።

«ከመድፉ ጋር ነበርክ?»

ሊሄድ ሞከረ፤ አለቀቅሁትም። «የምስጋናው አያት ነኝ» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። ቆቡን አወለቀ። «እምዬ የሚልዎት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ከዚያ ሊነግረኝ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አልኩት። «እዚህ አትንገረኝ። ለብቻዬ የሰማሁትን አሮጊቷ ፈጠረችው ይሉኛል። ልጁ የሞተበት ሰው ባለበት ትናገራለህ።»

«እማማ፣ የምናገረው ሁሉ ደስ አይልዎትም።»

«ደስ ይበለኝ ብዬ አልለመንኩህም።»

በሚኒባስ አብረን ተመለስን። መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልጠየቅሁትም።  ተኩሷል ካለ በደረጀ ፊት ልሰማው ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ደረጀ ከግቢው ግራር ሥር ማጭድ ይስል ነበር። «ይህ ሰው መድፉ ላይ ነበር» አልኩት። «ጠይቀው። እኔ አልጠይቀውም። ተኩሷል ካለህ በየቤቱ እየዞርኩ ደረጀ ልክ ነበር እላለሁ።»

ደረጀ ወንበር አልሰጠውም። «ያን ጥይት የተኮሰው ማነው?» አለው።

«እኛ ነን» አለ ሰውየው። «ትእዛዙን የሰጠው መቶ አለቃ ምስጋናው ነው። ያጎረስኩት እኔ ነኝ።»

ማጭዱ ከደረጀ እጅ አልወደቀም፤ አጥብቆ ያዘው። 

ሰውየው ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ አልጽፍም። የነገረን ይህ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው በሬዲዮ «በመስመር የቆሙ አረንጓዴ ድንኳኖች፣ በመካከላቸው ሰው ይንቀሳቀሳል» አለ። ቁጥሩን ሰጠ። ገበሬው ሁሉ ወደ ከተማ ሸሽቷል ተብሎ ተነግሯቸው ነበር። ምስጋናው ቁጥሩን አስልቶ አንድ አስተኮሰ። ሁለተኛውን ሲያጎርሱ ነፋሱ ጭሱን ከተራራው በላይ አመጣላቸው።

«ሁላችንም ሸተተን» አለ ሰውየው። «እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እኔ የደጋ ሰው ነኝ። እሱ እጁን አነሳ። ቁም አለን። ‹ይሄ ሰሊጥ ነው› አለ። ‹ድንኳን ሰሊጥ አይሸትም። ሂላ ነው፤ ሸራ አልብሰውት ነው› አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።»

አዛዡ መጣ። ተኩስ አለው። ምስጋናው «ገበሬ ነው» አለ። አዛዡ ሦስት ጊዜ አዘዘው፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። አዛዡ ወደ ሌሎቹ ዞሮ እናንተ ተኩሱ ሲል ምስጋናው የመድፉን ማነጣጠሪያ መነጽር ነቅሎ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። የሌሎቹንም መድፎች እንደዚሁ። አንድ ወታደር ሊይዘው ሲሞክር በቡጢ አፉን መታው፤ ጥርሱ ወጣ። ከዚያ ቀበቶውን ከነሽጉጡ ፈትቶ መሬት ላይ ጣለና ሄደ። አዛዡ ከወታደር ጠመንጃ ቀምቶ አንድ ተኮሰ። ለእነሱ ደግሞ ጠላት መታው በሉ ተባለ። ሰውየው ከወር በኋላ ጦሩን ጥሎ ጠፋ።

ሲጨርስ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ሸራው የኔ ነው፣ ደረጀ» አልኩት። «አረንጓዴውን ሸራ ለካሳሁን የጫንኩለት እኔ ነኝ።»

«እንዲያመጣ የላክሁት እኔ ነኝ» አለ ደረጀ።

ይህ ከሆነ ወር አልፎታል። አሁን የሚሰማኝን ልጻፍ። ልጄ ካሳሁንን፣ ሰይድንና የጎጃሙን ልጅ ገድሏል። ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ጀግና ነው እያልኩ አልሸፍነውም። ሳያይ ተኩሷል። ያን ዕለት «ማመን ነው» ሲለኝ በጥፊ ያልመታሁት ይቆጨኛል። ግን መሬት ላይ ተዘርግተን የጠበቅነው ሁለተኛ ጥይት ያልመጣው በእሱ ነው። ደረጀም፣ እኔም፣ ጉድጓድ የቆፈሩልኝ አጫጆችም በሕይወት ያለነው በእሱ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ይጻፉ። አንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው ይዋሻል። እድሩ እስካሁን ምንም አልወሰነም፤ እኔም ድንኳን አልለመንኩም። የሰሊጥ ሽታ ዛሬም አልችልም። ያቺን አንዲት የጠመንጃ ድምፅ ግን አሁን ዘወትር እሰማታለሁ።

የቀረኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የጠየቀው ደረጀ ነው። ሰውየው ለመሄድ ተነስቶ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

«ቆይ» አለው። «ቀበቶውን ጥሎ ሄደ አልክ። ጀርባውን ነው የተመታው። ወዴት ሲሄድ ነው?»

ሰውየው የሚሰማበትን ጆሮ አዙሮ ጥያቄውን አስደገመው። ከዚያ በእጁ ከግቢው ባሻገር ወደ ማሳችን አመለከተ።

«ወደ ጭሱ ነዋ» አለ። «‹ሰዎቹን ላንሳ› ብሎ ነው የሄደው።»